መሪውና ተቀባዮቹ፤ “አይዳ” የተባለው የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት በአንድ የልደታ አድማጭ ጆሮ

የሙዚቃ ተውኔት ከሌላው የመድረክ ጥበብ ከሚለይባቸው ጠባዮች አንዱ፣ ወዳጁ ወደ አዳራሹ ከመግባቱ አስቀድሞ በዜማው የተማረከ፣ ግጥሙንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ የያዘ ሆኖ መገኘቱ ነው። የ“ኦቴሎ”ን ፍጻሜ አውቆ ወደ ቴአትር ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ተዋናዩ በየትኛው ቃል ላይ ትንፋሹን እንደሚስብ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበርና የት ላይ እንደሚቃና ገና መጋረጃው ሳይገለጥ የሚያውቅ ተመልካች የሚገኘው በሙዚቃ ተውኔት አዳራሽ ነው፤ ይህንንም ዕውቀት የሰጠው ሸክላው፣ ከሸክላውም በኋላ ካሴቱና ሲዲው ነው። እንዲህ ያለው አድማጭ ለዓመታት በጆሮው ብቻ የወደደውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ሲያይ ምን ያገኛል? የተለመደው መልስ «የሕያው ድምፅን ኃይል» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ሐሰት ባይሆንም ስለ ማናቸውም የሙዚቃ ዝግጅት ሊነገር የሚችል ስለ ሆነ ስለዚህ ጥበብ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ዳሰሳ ልከራከርለት የምሻው አሳብ፣ ድምፅን ቀርፆ የሚያስቀረው መሣሪያ መሪውን ዘፋኝ ሲያከብር መድረኩ ተቀባዮቹን ያስነሣል የሚል ነው፤ በ“አይዳ” ታሪክ ውስጥ ደግሞ ተቀባዮቹ ምርኮኛው ሕዝብ ናቸው።

ኤልተን ጆን በዜማ፣ ቲም ራይስ በግጥም የደረሱት “አይዳ” በኒው ዮርክ ብሮድዌይ፣ በፓላስ ቴአትር፣ ማርች 23 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ እስከ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2004 ድረስ 1,852 ጊዜ የታየ፣ አራት የቶኒ ሽልማቶችንም ያገኘ ሥራ ነው። ከመድረኩ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ዘፈኖቹ በሲዲ ወጥተው ነበር፤ በሲዲውም ላይ በአመዛኙ የዘፈኑት በየፊናቸው ስም ያተረፉ ድምፃውያን፣ ይኸውም ስቲንግ፣ ቲና ተርነር፣ ጃኔት ጃክሰን፣ ሌኒ ክራቪትዝና ስፓይስ ገርልስን የመሰሉት ነበሩ። ይህ አካሄድ ለቲም ራይስ አዲስ አልነበረም፤ ከአንድሩ ሎይድ ዌበር ጋር የደረሰው “ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር” በ1970 በሸክላ ወጥቶ ብዙ አገር ካዳረሰ በኋላ ነበርና በ1971 የብሮድዌይን መድረክ ያገኘው። «ሮክ» የሚለው ቅጽል ለ“አይዳ” ይገባዋል ወይ ብባል እያመነታሁ እቀበላለሁ፤ ጊታሩም ድራሙም አለ፤ ቁጣው ግን ብዙ ጊዜ በኪቦርዱ ለስላሳነት ተሸፍኖ ይቀርባል። ይህም ሆኖ ወደድሁት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት የመጣው ሲዲ ወደ ካሴት ተገልብጦ ልደታ፣ እኛ ቤት ከገባ በኋላ፣ ቴፑ ካሴቱን እስኪበላው ድረስ ሳደምጠው ኖርሁ።

ስለ አድማጩ ጆሮ ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ ጆሮ እንደ ሰው ሁሉ የሚያድግበት ሰፈር አለውና። የልደታ ልጅ ዜማን አስቀድሞ የሚሰማው ከልደታ ለማርያም ቅጥር ግቢ ነው። ግንቦት 1 ቀን፣ እመቤታችን የተወለደችበት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ፣ ደጅ ላይ ሲመራረቅ፣ በመቅደሱ ደግሞ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መሪጌታው ያነሣውን ተቀብለው፣ በመቋሚያው እየዘመሙ፣ ጸናጽሉን እያንሿሹ ያድራሉ። ወረቡ ሲጀመር ከበሮው በለሆሳስ ይነሣል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይፈጥናል፤ ጽፋቱ ሲደርስም እልልታው ከሴቶቹ ወገን ይፈነዳና የመሪው ድምፅ በሕዝቡ ድምፅ ውስጥ ይሰወራል። ማኅሌትን ከትርኢት ጋር አንድ አድርጌ የምቈጥር እንዳይመስል አደራ እላለሁ፤ የምናገረው ስለ ጆሮ አስተዳደግ ብቻ ነው። በዚህ ሥርዓት ያደገ ጆሮ፣ አንድ ሰው ያነሣው ዜማ ብዙዎች እስኪቀበሉት ድረስ እንዳልተፈጸመ ይቈጥረዋል።

ከልደታ በሜክሲኮ በኩል በእግር የሚደረስበት ብሔራዊ ቴአትርም ይህንኑ ጆሮ በሌላ መንገድ አሠልጥኖታል። ያ ቤት በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ኢዮቤልዩ ጊዜ በመኰንን እንዳልካቸው “ዳዊትና ኦርዮን” ሲመረቅ ኦርኬስትራና ተውኔት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ፤ በኋላም ነርሲስ ናልባንዲያን የአገሩን ዜማ በብዙ ድምፅ ለሚጫወት ባንድ እያቀናበረ አዲስ አበቤን ከኅብረ ድምፅ ጋር አላመደው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያጨበጭባል፣ ይቀበላል፣ ደስ ያለው እንደ ሆነ መድረክ ላይ ወጥቶ በዘፋኙ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል።

እንግዲህ ካሴቱ ለእንዲህ ያለው ጆሮ የሰጠው ምንድን ነው? ታላላቅ ብቸኛ ድምፆችን ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች፣ የኑቢያዪቱ ልዕልት አይዳና የግብጹ የጦር አለቃ ራዳሜስ፣ የሚለዋወጧቸው የፍቅር ዘፈኖች፣ የፈርዖን ልጅ የአምነሪስ ቅናትና ጸጸት፣ ሁሉም በስቱዲዮ ተጣርቶ፣ እያንዳንዱ እስትንፋስ በጆሮ ሥር የተነገረ እስኪመስል ድረስ ቀርቦ ይሰማ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የሚዘጋበትና ምርኮኞቹ ስለ አገራቸው የሚዘምሩት መዝሙርም በካሴቱ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን ኬሊ ፕራይስ በተባለችው ድንቅ ድምፃዊት የተዘፈነ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ከበስተኋላዋ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ጀግንነቱ ሁሉ የእርስዋ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ ያን ዘፈን እያለፍሁ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወደ ኒው ዮርክ የሚያደርስ ምክንያት ተገኝቶ በፓላስ ቴአትር በሰገነቱ ላይ ተቀመጥሁ። ሚናውን የፈጠረችውና የቶኒ ሽልማት ያገኘችበት ሄዘር ሄድሊ በዚያን ጊዜ ለቅቃ፣ አይዳን የምትጫወተው የዝነኛዋ የኒና ሲሞን ልጅ ሲሞን ነበረች። የሮበርት ፎልስን አዘገጃጀት፣ የቦብ ክራውሊን የመድረክ ሥዕልና የናታሻ ካትዝን መብራት ለማመስገን ቦታ ቢኖረኝ ባልጠላሁ፤ በተለይም የአምነሪስ መዋኛ ከላይ ወደ ታች የሚታይ መስሎ እንዲቆም ተደርጎ፣ ዋናተኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው በሰማያዊው ውስጥ ሲቀዝፉ የታየበት ብልሃት የሚረሳ አይደለም። ዳሩ ግን ብልሃት ብልሃት ነው፤ ያን ሌሊት የተማርሁት ከሌላ ቦታ ነው።

ምርኮኞቹ አይዳ የንጉሣቸው የአሞናስሮ ልጅ መሆንዋን ካወቁ በኋላ በሰፈራቸው ተሰብስበው፣ ከየራሳቸው ቡትቶ የሰፉትን ካባ ያቀርቡላታል፤ ትመራቸውም ዘንድ ይለምኗታል። ካባው የሚያምር አይደለም፤ ከሰገነቱ እንኳ ስፌቱ ይታያል፤ አንዱ ጨርቅ ከሌላው ጋር በቀለም አይስማማም። አይዳ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ እነርሱ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ጭፈራው ልመና ነው፣ ልመናውም እየቈየ ትእዛዝ ይሆናል። በካሴት ይህን ስሰማ የከበሮ ምት የበዛበት የዳንስ ዘፈን መስሎኝ ኖሯል፤ ዓይን ሲጨመርበት ግን ሥልጣን ከሕዝብ ወደ አንዲት ወጣት ያለ ፈቃድዋ ሲተላለፍ የሚታይበት የሢመት ሥርዓት ነው። ቀጥሎ አባትዋ መማረኩ ተሰማ። አይዳ መዝሙሩን ብቻዋን፣ በዝግታ አነሣች፤ አንዲት ምርኮኛ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁሉም፤ ድምፁም ከመድረኩ ተነሥቶ በሰገነቱ እንጨት ላይ ሲያርፍ በወንበሬ በኩል ወደ ደረቴ ገባ። መሪዋ በተቀባዮቹ ውስጥ ተሰወረች። በአጠገቤ ያሉት ሰዎች፣ በዚያ አገር ልማድ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው በጨዋነት ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ግን የማጨበጭብበትን እጅ ለመያዝ ተቸግሬ ነበር።

ይህ ትዕይንት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚመዝነው ከባድ ሚዛን አለው፤ ሚዛኑም ከኤልተን ጆን ወደ ጁሴፔ ቬርዲ ይመልሰናል። የቬርዲ “አይዳ” በካይሮ ኦፔራ ቤት የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያዘዘው ከዲቭ እስማኤል፣ የታሪኩን ንድፍ ያወጣው ፈረንሳዊው የግብጽ ጥንታዊ ቅርስ ሊቅ ኦጉስት ማሪየት፣ ለቬርዲ የተከፈለውም 150,000 ፍራንክ ነበር። ፓሪስ በፕሩስ ጦር ተከብባ ልብሱና ቁሳቁሱ በዚያ ስለ ታገደ ዝግጅቱ ዘገየ። በዚያ ኦፔራ ውስጥ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በሁለተኛው ክፍል የግብጽ ጦር ድል አድርጎ ሲመለስ መለከቱ ይነፋል፣ ኢትዮጵያውያኑ ምርኮኞችም በሰንሰለት ታስረው በፈርዖን ፊት ይነዳሉ። እንግዲህ ዘመኑን እናስተውል። መቅደላ የወደቀችው በ1860 ዓ.ም. ነው፤ የከዲቩ ሹም ሙንዚንገር ከረንን የያዘው በ1864 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለት ኦፔራው ከታየ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። በካይሮ መድረክ ላይ የተሳለው ድል፣ ገና ሊዘመት የታሰበውን ዘመቻ በዜማ የቀደመ ይመስላል። ኤድዋርድ ሰኢድ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው “ባህልና ኢምፔሪያሊዝም” በተሰኘው መጽሐፉ ይህን የኦፔራና የግዛት ፖለቲካ ዝምድና በሰፊው መርምሯል። ሆኖም ለእኛ ታሪኩ ካይሮ ላይ አያበቃም፤ ኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ የዴንማርኩ ተወላጅ አረንድሩፕ ያዘዘው ጦር በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻም በራቲብ ፓሻና በአሜሪካዊው ሎሪንግ የሚመራው ሁለተኛው ጦር ጉራዕ ላይ ተሸነፈ። ምርኮኛ ሆነው የተነዱት በዚያን ጊዜ የከዲቩ ወታደሮች ነበሩ፤ ስለ እነርሱም ማንም ኦፔራ አላዘዘም።

የብሮድዌዩ ሥራ የአይዳን አገር ከኢትዮጵያ ወደ ኑቢያ ማዛወሩ ታዲያ ለእኛ እንደ ሽሽት ሊታይ ይችላል። ከታሪክ አንጻር ግን ነቀፋ አይገባውም፤ የፈርዖናውያን የደቡብ ጎረቤትና ባላጋራ የኑቢያ ምድር ነበርና። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው፤ ኑቢያውያኑ ኑቢያዊ ድምፅ አልተሰጣቸውም። የኑቢያ ሕዝብ ከእኛ ክራር ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ባለ አውታር መሣሪያ አለው፤ የአባይ ሸለቆ የጋራ ሀብት ነው፤ በኤልተን ጆን ዜማ ውስጥ ግን ጎልቶ አይሰማም። በምትኩ ምርኮኞቹ የሚዘምሩት በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የጎስፔል ዜማ ነው። አስቀድሞ በካሴት ስሰማው ይህ ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ አሁንም በግማሹ እንዲሁ እላለሁ። ነገር ግን ያ ዜማ የተወለደው ከባርነት ቤት መሆኑንና መድረኩን የሞሉት ዘማርያን የዚያ ታሪክ ወራሾች መሆናቸውን ዓይን ሲመሰክር፣ ድምፁ ከደራሲው ዕቅድ አልፎ ሌላ እውነት ይሸከማል። ይህ ለሲዲው ፈጽሞ የተሰወረ ነው።

ሥራው የሚከፈተው በአንድ ቤተ መዘክር በግብጽ ክፍል ነው፤ ዘመናዊ ልብስ የለበሱ ወንድና ሴት በቅርሶች መካከል ሲተያዩ፣ የአምነሪስ ምስል ነፍስ ዘርታ ታሪኩን ታነሣለች፤ ፍቅረኞቹ በሕይወት ሳሉ በአንድ መቃብር ከተዘጉ በኋላም ተውኔቱ ወደዚያው ቤተ መዘክር ይመለሳል። ደራስያኑ በዚህ ያሰቡት ፍቅር በዘመን አይገታም ለማለት ይመስላል። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ አክሊል በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር፣ ታቦታቱም በብሪቲሽ ሙዚየም መኖራቸውን የሚያውቅ ተመልካች ግን በዚያ መስተዋት ፊት እንደ ሌላው ጎብኚ ልቡ አይረጋም፤ ዕቃዎቹ እዚያ እንዴት ደረሱ ብሎ ይጠይቃልና፣ ተውኔቱም ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀም።

የሁለተኛው ክፍል ድካም ከዚህ ይያያዛል። ነሐብቃ የተባለችው ምርኮኛ ልዕልቲቱ እኔ ነኝ ብላ በአይዳ ፈንታ ለሞት ከተወሰደች በኋላ፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ከመድረኩ ይሳሳል፤ የቀረው ሰዓት የሦስቱ ሰዎች የፍቅር ክርክር ነው። ዘፈኖቹ ያማሩ ናቸው፤ ሁሉንም በቃሌ ይዣቸው ነበር፤ አዳራሹ ግን ወደ ካሴት የተመለሰ መሰለኝ። በቬርዲ ዘንድ አሞናስሮ በአባይ ዳር ልጁን ይዞ ስለ ተቃጠለው አገሩ ሲወቅሳት፣ አባትም ንጉሥም ሕዝብም ሆኖ የሚናገርበት ታላቅ ትዕይንት አለ፤ በሮኩ ሥራ ያ ሰው እጅግ ቀጥኗል።

አንድ ቀን “አይዳ”ን በአዲስ አበባ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ቢገኝ ከዚሁ ቢጀምር እመክራለሁ። ምርኮኞቹን እንደ ማኅሌት ሰልፍ በቀኝና በግራ አቁሞ፣ ሁለተኛው ክፍል እስኪፈጸም ድረስ ከመድረክ ሳያስወጣ፣ የፍቅረኞቹን ዘፈን እንኳ እነርሱ እንዲቀበሉት ቢያደርግ፣ ለአሞናስሮም የቬርዲን ያህል ጊዜ ቢሰጠው፣ ክራሩንም ከጊታሩ ጎን ቢያስቀምጥ፣ የብሮድዌዩ ሥራ ጀምሮ የተወውን ሊፈጽም ይችላል። የአዲስ አበባ ተመልካች ሳይጋበዝ ስለሚቀበል ለዚህ ልምምድ አያስፈልገውም። መሪ ተዋንያኑ በዚህ ቅር ሊላቸው ይችል ይሆናል፤ በሲዲው ላይ ግን ሰፊ ቦታ ተጠብቆላቸዋል።