ብርዱ የሸፈናት ፀሐይ

በባሌ፣ ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር የሚወርድ መንገደኛ ጎሮን አልፎ ቆላው ሲቀበለው ጃኬቱን ያወልቃል፤ ሴቷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ትስባለች፤ መኪናው በቆመበት ሁሉ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሻማል። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው ግን ጋቢ በላይ በላዩ ይደርባል፤ ደመናው ገለጥ ሲል ደግሞ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ «እሰይ!» ይላል። ሁለቱም ሰውነታቸው የነገራቸውን ነው የሚያደርጉት። ቆዳ የሚያክም ባለሙያ ግን ይበልጥ የሚሰጋው ለሁለተኛው ነው። የሶፍ ዑመር ዋሻ ያለበት ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ይህ ጨረር ለዓይን አይታይም፣ እንደ ሙቀትም አይሰማም። ሰውየው ብርድ እያንቀጠቀጠው ፊቱ ይቃጠላል።

ሮቤ 2,500፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። እዚያ ተወልዶ፣ ስንዴና ገብስ አምርቶ፣ ከብት አግዶ ያረጀ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጨረር ሥር ነው የኖረው። ስለዚህ «በስተርጅና ፊትን በየቀኑ መንከባከብ ምን ይፈይዳል?» የሚለው ጥያቄ ለባሌ ሰው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን የመዋቢያ ማስታወቂያ ከሚሰጠው መልስ ይለያል።

ባለሙያው መልሱን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ማሳየት ይቀናዋል። «እማማ፣ እስቲ እጅጌዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» ይላል። የ60 ዓመቷ ባልቴት የክንዳቸውን የውስጥ ገጽ፣ ብብት አጠገብ ያለውን፣ ከጉንጫቸው ጎን ያደርጉታል። የክንዱ ቆዳ ሳስቷል፣ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት እንደ ልጅነቱ ቶሎ አይመለስም፤ መልኩ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፣ ልስላሴውም አለ። ጉንጩ ላይ ግን ቡናማ ደመና የመሰለ ጥላ ተዘርግቷል፣ ዓይን ሥር ጥቃቅን ጥቁር ኪንታሮት መሳይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፣ ግንባሩ ሻክሯል። ሁለቱም ቆዳ በአንድ ቀን ነው የተወለደው። ክንዱ ላይ የሚታየው የዕድሜ ሥራ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን በአብዛኛው የፀሐይ፣ ከፊሉም የነፋስና የጭስ ነው። ነጠብጣቦቹ ግን ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረሱ፣ የማይጎዱ ናቸው። ዕድሜን ማስቆም አይቻልም። የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ቦታው ያ ልዩነት ላይ ነው።

በሕክምናው ዓለም የታወቀ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአንድ የ69 ዓመት አሜሪካዊ ሾፌር ፊት ነው። ሰውየው 28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ፊቱ ጠልቆ ተሸብሽቧል፤ ቀኙ የሌላ፣ በብዙ ዓመት የሚያንስ ሰው ፊት ይመስላል። የመኪና የጎን መስታወት ቆዳን የሚለበልበውን ዩቪቢ የተባለ ጨረር ሲያስቀር፣ ጠልቆ ገብቶ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የሚበጣጥሰውን ዩቪኤ ግን ያሳልፋል። በእኛም አገር መሪው በግራ ነው። ከሮቤ ሻሸመኔ የሚመላለስ ሾፌር ግራ ጉንጩን በመስታወት አይቶ ከቀኙ ቢያነጻጽር አይከፋም።

«እኛ ጥቁር ነን፤ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» የሚል ሁሌም አለ፣ ግማሽ እውነትም አለው። በ1979 የወጣ አንድ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በራሱ ብቻ 13 ያህል የመከላከያ መጠን እንዳለው፣ የነጭ ሰው ግን ወደ 3 እንደሚጠጋ ለክቷል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ውለታው ብዙ ነው፤ የባሌ እናቶች ፊት መሸብሸብ የሚጀምረው ከአውሮፓውያን እኩዮቻቸው ዘግይቶ ነው። ነገር ግን ያው ሜላኒን በተነካካ ቁጥር ይቆጣል። ሐበሻ ፊት ላይ ፀሐይ ቀድማ የምትጽፈው ሽብሽባት ሳይሆን ማዲያት ነው። ማዲያት ደግሞ ከአልትራቫዮሌት አልፎ በሚታየው የቀን ብርሃን ጭምር ይባባሳል።

እዚህ ላይ ማስረጃው ከየት እንደመጣ መናገር ያስፈልጋል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን) በየቀኑ መቀባት የቆዳን እርጅና እንደሚያዘገይ በጥሩ ሁኔታ ያሳየው ጥናት የተሠራው አውስትራሊያ፣ ናምቡር በምትባል ከተማ ነው። 903 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በየቀኑ እንዲቀቡ፣ ገሚሶቹ እንደ ልማዳቸው እንዲሆኑ ተደረገ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በየቀኑ የተቀቡት ላይ የታየው የቆዳ እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ውጤቱ የወጣው በ2013 ነው። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ነጮች፣ ሁሉም ከ55 ዓመት በታች ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አንሥቶ ለጎባ ገበያተኛ መስጠት አያስኬድም። ከጥናቱ የሚወሰደው ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሰንስክሪን ነበረው፣ የለያቸው በየቀኑ መሆኑ ነው።

ሰንስክሪን በባሌ ገበያ ርካሽ ዕቃ አይደለም። የሚገዛውም ቢሆን በቆጠባ ይቀባዋል። እሽጉ ላይ «ኤስፒኤፍ 30» ተብሎ የተጻፈው የመከላከያ መጠን የሚሠራው ሁለት ጣት ሙሉ ወጥቶ ፊትና አንገት ላይ ሲዳረስ ነው፤ በጣት ጫፍ ነካ ነካ የተደረገ ክሬም ከስሙ በቀር የሚያተርፈው የለም። ማዲያት ላለበት ደግሞ ነጩ ሰንስክሪን ብቻ አይበቃም፤ የሚታየውን ብርሃን የሚከላከለው የቆዳ መልክ ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ዓይነት ነው። ይህን ሁሉ ከሚዘረዝር ባለሙያ ይልቅ «ሰፊ ባርኔጣ አለዎት?» ብሎ የሚጀምር የተሻለ ሥራ ይሠራል። ጃንጥላ በአገራችን ከዝናብ ይልቅ ለፀሐይ ሲዘረጋ የኖረ ዕቃ ነው፤ እንዳረጀ ልማድ የሚያየው ወጣት ተሳስቷል። ሻሽ ፀጉርንና ጆሮን ይሸፍናል፣ ማዲያት የሚወድዳቸውን ጉንጭና ግንባር ግን ያጋልጣል። ስለዚህ ሻሽ ላይ ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ ሲጨመር ነገሩ ይሞላል።

ከዚያ ውኃና ሳሙና ይመጣል። ጤነኛ የፊት ቆዳ በመጠኑ አሲድነት ያለው ነው፤ የልብስ ሳሙና ግን፣ ብዙ ሰው ፊቱንም የሚታጠብበት እሱን ነውና፣ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይጎትተዋል። ወጣት ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። ያረጀ ቆዳ ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎቹ ስለሚደክሙ፣ በተለይ ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ፣ ማካካሻ የለውም። በባሌ ደጋ የበጋው ነፋስ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ያቆራምዳል። ለዚህ ነው አረጋውያን ከኅዳር እስከ የካቲት «ፊቴን ያሳክከኛል፣ ይወጥረኛል» የሚሉት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አደራረጉ ግን ሙያ አለው። ፊት ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፣ በፎጣ አይፈተግም፣ ጫን ጫን ተደርጎ ይደርቃል፤ ርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በመዳፍ መካከል ሞቅ እስክትል ታሽታ ትቀባለች። ደርቆ ባለቀ ፊት ላይ የተቀባ ቫዝሊን የሚያሽገው ውኃ አያገኝም፤ ያብረቀርቃል እንጂ አያለሰልስም። ግሊሰሪን የሚመርጥ በውኃ ያቅጥነው። ቅቤስ? ፀጉር ላይ ይኑር። የቅቤ ቅባትነቱ አይካድም፣ ፊት ላይ ግን ቶሎ ይበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ብጉር ላለበትም ያባብስበታል። እሬትና እርድ የሚቀቡትን መከልከል አያስፈልግም፤ ካቃጠለ ይተዉት ማለት ይበቃል። ሎሚ ግን መከልከል አለበት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጠባሳውም ጥቁር ነው።

የዕለት ተዕለት የቆዳ እንክብካቤ ምን ያህል አቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ከአገር ውስጥ የሚፈልግ ሰው ከፊት ወደ እግር መውረድ አለበት። የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ያደገው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ነው። በ1965 አዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለብዙ የቆዳ ባለሙያዎች ትምህርት ቤት ሆኗል። እዚያ ስሜት ያጣ እጅና እግር በየቀኑ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ቅባት መቀባቱ ከቁስል የሚያድነው ዋና ነገር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ በ2018 በታተመ ጥናት 696 የፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም ከአፈር የሚመጣ የእግር እብጠት፣ ታማሚዎች ላይ መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ተሞክሮ በእብጠቱ ላይ የሚነሣው የትኩሳትና የሕመም ድግግሞሽ ቀንሷል። ውድ መድኃኒት አልነበረም። ቆዳ በየቀኑ ሲያዝ የሚያመሰግን አካል መሆኑን ባለሙያው ያመነው እንዲህ ካለው ሥራ ነው፤ ከፊት ክሬም ማስታወቂያ አይደለም።

ለሽብሽባት ጥሩ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ቢኖር ትሬቲኖይን ነው፤ አልበርት ክሊግማንና ባልደረቦቹ በፀሐይ ያረጀ ቆዳ ላይ ስለመሥራቱ የጻፉት በ1986 ነው። ወራት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ይልጣል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ቀን ፀሐይ ላይ ለሚውል ገበሬም አይመከርም። ኮላጅን ከወጣትነት ጀምሮ በየዓመቱ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በክሬም የሚቀባ ኮላጅን ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ይህን አይተካም። በዚህ ስም ለሚሸጠው ዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ የፀሐይ መነጽርና ባርኔጣ ይገዛ ነበር።

የማእድ ቤት ጭስንም መዘንጋት አይገባም። ቻይና ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉ ሴቶች ፊት ላይ ጠለቅ ያሉ መሥመሮች እንደሚታዩ አሳይተዋል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለሳንባ ነው የሚሠራው፤ ፊትም ትርፉን ይካፈላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ታካሚዎች ራሳቸው ተቀብተው የሚያመጡት ጉዳት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ፊት ከማየቱ በፊት «ቤት ያለውን ቅባት ሁሉ ይዘው ይምጡ» ይላል። ከፌስታሉ የሚወጡትን ቱቦዎችና ብልቃጦች አንድ በአንድ እያዞረ ከጀርባቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል የስቴሮይድ ስም ካገኘ፣ የታሪኩን ቀሪ ክፍል ሳይነግሩት ያውቀዋል። ማዲያት ወጣ፤ ጎረቤት «ይሄ ያጠራል» አለች፤ በሁለት ሳምንት ፊት ፈካ፤ ሰው ሁሉ አደነቀ። በወራት ውስጥ ቆዳው ሳሳ፣ ቀያይ የደም ሥሮች ብቅ አሉ፣ አገጭ ላይ ፀጉር በቀለ፣ ብጉር ተከተለ። ሲተዉት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው። በዕድሜ የሳሳ ቆዳ ላይ በየጠዋቱ ሲቀባ ግን የቀረውን ይልጠዋል። ሌላው ማጥሪያ ሃይድሮኪኖን ለዓመታት ሲቀባ ደግሞ ሊያጠራ የተገዛበትን ቦታ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ሜርኩሪ ያለባቸው የማንጫ ክሬሞች ኩላሊት ይጎዳሉ፤ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እነዚህ እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ወስኖ ነበር። ገበያው ግን ሁልጊዜ ስምምነት አያነብም።

እንዲህ ያለው ፊት ሲገጥም ስድብም ግሣጼም አይረዳም። ሴትየዋ ክሬሙን የገዙት ፊታቸውን ስለሚወድዱ ነው። ቅባቱ በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ በምትኩ ቫዝሊንና ባርኔጣ ይገባል፣ ፊቱም ለጥቂት ሳምንት መቅላቱና መቆጣቱ አስቀድሞ ይነገራል። ይህ ያልተነገራት ሴት በአራተኛው ቀን ወደ ድሮው ቱቦ ትመለሳለች።

ፊትን በየቀኑ በእጅ መዳሰስ ሌላም ጥቅም አለው። የማይድን ቁስል፣ የሚያድግ ወይም የሚደማ እብጠት ቶሎ ይታወቃል። የቆዳ ካንሰር በጥቁር ቆዳ ላይ ብርቅ ቢሆንም፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች ግን በወጣትነት የሚመጣ አደጋ ነው። ለእነርሱ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና ሰንስክሪን ከሕፃንነት የሚጀመር ሕክምና ነው፤ በሳነቴ ሥር ባሉ መንደሮች ደግሞ የበለጠ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ላይ ባለሙያው ራሱ ይለሳለሳል። ጎባ ውስጥ የ80 ዓመት አዛውንት ማለዳ ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ ሄዶ «ይግቡ» የሚል ሰው ነገሩ አልገባውም። በማለዳ ጨረሩ ደካማ ነው፤ ሙቀቱ ለመገጣጠሚያ፣ ደጃፉ ለጨዋታ ያስፈልጋቸዋል። የሚጠየቁት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ወንበራቸውን ከግድግዳው ጥላ ሥር እንዲያደርጉ፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስም ሲወጡ ባርኔጣቸውን እንዳይረሱ ነው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ ባርኔጣው የሚረሳው ደመና በሆነ ቀን ነው፣ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።