ለደንዲ አየር የሚሆን ክንፍ

የደንዲ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,836 ሜትር ላይ ነው። እንደ ነፍሳት ክንፉን እያርገበገበ የሚበር ሮቦት ለሚሠራ ሰው ሥራው ከዚህ ቁጥር ይጀምራል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ክንፉ የሚያገኘው የማንሳት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድስ ዴልፍት ይፋ የሆነው ዴልፍላይ ኒምብል 29 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ያርገበግባል። ድንቅ ሥራ ነው። የተወለደው ግን ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቅ አገር ስለሆነ ልኩን እንዳለ ገልብጦ ወደ ደንዲ ወረዳ ከተማ ወደ ጊንጪ ማምጣት አያዋጣም።

ብዙ ሰው ሞተሩን ማፍጠን ይቀናዋል። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። ክንፍ በየምቱ ጫፍ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ያን ማቆምና ዳግም ማስነሳት ባትሪ ይበላል፤ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ወጪው ከፍጥነቱ እጅግ ቀድሞ ያሻቅባል።

ንብ ሌላ መላ አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች፤ የክንፏ ምት ግን አጭር ነው፣ 90 ዲግሪ ገደማ። ተመራማሪዎቹ ናይትሮጅኑን በሂሊየም ተክተው አየሩን ሲያሳሱባት ፍጥነቷን እምብዛም ሳትነካ ምቷን ወደ 130 ዲግሪ አሰፋችው። የበረራ ጡንቻዎቿ ክንፉን በቀጥታ አይጎትቱም፤ ደረቷን ይጨምቃሉ፤ ደረቷም እንደ ሞላ ተለጥጦ ይመለሳል። ሞላ የራሱ የምት ፍጥነት አለው፤ ከዚያ ማስወጣት ጉልበት ማባከን ነው።

ስለዚህ በኔ እምነት ለደጋ የሚሠራ ሮቦት በቆላ ሲበር ምቱን እስከ መጨረሻው ስፋት መጠቀም የለበትም። ለሩብ መሳሳት ምቱን ከ15 በመቶ በላይ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ግራና ቀኝ ክንፎች ሊጋጩ ከተቃረቡ ግን የሚሰፋበት ቦታ አይኖርም። ያን ቦታ የምቱን ስፋት የሚወስነው ክራንክ ሲቆረጥ ነው መተው ያለብን። የክንፉን የፊት ጠርዝ በካርቦን ፋይበር ዘንግ አጠነክራለሁ፤ የሚያነሳው የአየር አዙሪት የሚፈጠረው እዚያ ነው። የክንፉን ገጽ ማይላር የሚባል ስስ ፕላስቲክ አለብሰዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጊንጪ ሲመጣ መንገድ ላይ፣ ሆለታ፣ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። የደጋ ንቦቻችን በገዛ አየራቸው ምታቸውን ምን ያህል እንደሚያሰፉ በፈጣን ካሜራ ቢለካ ለእኛ ከማንኛውም የውጭ ንድፍ ይበልጣል።

ለሙከራ ማለዳ ይመቻል፤ ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ አየሩ በ5 በመቶ ያህል ይወፍራል። እኔ ግን አየሩ ይበልጥ በሚሳሳበት ቀትር ላይ፣ ነፋስ በማይገባበት አዳራሽ መፈተሽ እመርጣለሁ።