«መሆን» ወይስ «መኖር»? የሐምሌት ግስ አምቦ ላይ

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ አብሮ አደጎቼ አምቦ። ከሳምንታት በኋላ መስመሩ ሲመለስ፣ ደውዬ ካላገኘኋቸው ልጆች ጋር የተለዋወጥነው የመጀመሪያ መልእክት አንዲት ቃል ነበረች። በአማርኛ «አለህ?»፣ በኦሮምኛ «ጅርታ?»። መልሱም ያው አንድ ቃል ነው፦ «አለሁ»፣ «ጅራ»። «ምን ሆነህ ነበር?» የሚለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሼክስፒር ለማውራት ነው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከአምቦ ብዙም በማይርቀው ቦዳ ነው። ያደገው ኦሮምኛና አማርኛ በሚሰማበት አገር ሲሆን «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ አናግሯል። በ«ሐምሌት» ሦስተኛ ገቢር ላይ ልዑሉ ብቻውን ቆሞ የሚናገረው ዝነኛ ንግግር አለ። ንግግሩ የሚከፈተው በእንግሊዝኛው «ቱ ቢ» ነው። በእኛ ዘንድ የሐምሌት ጥያቄ ሲነሳ፣ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው እንኳ አፉ ላይ የሚመጣለት «መሆን አለመሆን» ነው። እኔ ደግሞ ይህ ግስ ለዚያ ንግግር ይበቃል ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው።

«ቱ ቢ» ቢያንስ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ማንነትን መናገር ነው፦ ሐምሌት ልዑል ነው። ሌላው መገኘትን መናገር ነው፦ ሐምሌት አለ። አማርኛ ለየሥራው የየራሱ ግስ አለው። አሉታው ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል፦ «አይደለም» ሌላ፣ «የለም» ሌላ። ኦሮምኛም «ሚቲ»ን ከ«ሂን ጅሩ» ይለያል። አማርኛ ሁለቱን የሚቀላቅለው ኃላፊ ጊዜ ላይ ነው፤ «አባቴ ነበር» ሲባል ያ ሰው አባቴ መሆኑ ይሁን አባቴ እዚያ መገኘቱ የሚታወቀው ከዐውዱ ብቻ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? «ነው»ም ሆነ «አለ» የራሳቸው ንዑስ አንቀጽ የላቸውም። «ነው» «መሆን»ን ይዋሳል፣ «አለ» ደግሞ «መኖር»ን። ሐምሌት የሚናገረው በንዑስ አንቀጽ ነው፤ ባለቤት የለውም፣ ጊዜም የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ይህ መንታ መንገድ አዲስ አይደለም። አንድ ቫሪያብል ከሌላው ጋር እኩል ነው ወይ ብሎ መፈተሽና መጀመሪያውኑ አለ ወይ ብሎ መፈተሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሌለን ነገር «ስምህ ማነው?» ብለህ ብትጠይቅ ፕሮግራሙ ይወድቃል። መጀመሪያ «አለ?»፣ ከዚያ «ምንድን ነው?»።

ስፓኒሽም እንዲህ ያለ ምርጫ አለበት። «ሴር» ለማንነት ነው፣ «ኤስታር» ለቦታና ለሁኔታ። የሐምሌት ጥያቄ እዚያ የሚታወቀው በ«ሴር» ነው። «ሴር» ግን በፍልስፍና አነጋገር ብቻውን ቆሞ ህልውናንም ይሸከማል። የእኛ «መሆን» ብቻውን ሲቆም ጆሮ ወዲያው «ምን መሆን?» ይላል።

ለ«መሆን» የሚከራከር ሰው ደግሞ እዚሁ ላይ ይይዘኛል። ሐምሌትን ያስጨነቀው ምን መሆን እንዳለበት አይደል? አባቱ ተገድሏል፣ አጎቱ ዙፋኑ ላይ ወጥቷል። ልጁ ተበቃይ ይሁን? እብድ ይሁን? ዝም ባይ ይሁን? «ምን መሆን?» ቴአትሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያስር ክር ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ በዚህ ረክቼ ኖሬያለሁ።

ንግግሩ ግን ስለዚያ አይደለም። ስለ ሞት ነው። ሰው በገዛ እጁ መገላገል ሲችል ለምን ይታገሣል ነው የሚለው። ለዚያ የእኛ ቃል «የለም» ነው። «አባትህ አሉ?» ተብለህ «የሉም» ስትል ጠያቂው አንገቱን ይደፋል፤ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። «አለመሆን» ይህን ክብደት አያመጣም። «አይሆንም» እኛ ጋ እምቢታ እንጂ ሞት አይደለም።

በ«መኖር» ላይም ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አይደለም። ጎረቤቱ «ኑሮ» ነው። «ኑሮ እንዴት ነው?» ስትባል ትዝ የሚልህ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ነው። ልዑሉ የሰማይ ያህል ጥያቄ ሲጠይቅ ተመልካቹ ገበያ እንዳይሄድበት ያሰጋል።

ግን እስቲ ንግግሩን ወረድ ብለህ አንብበው። ሐምሌት የሕይወትን ሸክም ሲቆጥር የሚያነሳው የጉልበተኛን ግፍ፣ የፍርድን መጓተት፣ የሹመኛን ትዕቢት፣ የተናቀ ፍቅርን ነው። ይህማ ኑሮ ነው! ለፍርድ ቀጠሮ ከጌዶ አምቦ የተመላለሰ ገበሬ ይህን ለመረዳት የዴንማርክን ታሪክ ማወቅ አያሻውም። «መኖር» ገበያውን ይዞ ቢመጣ ንግግሩን አያሳንሰውም፤ ሼክስፒር ራሱ ገበያውን አስገብቶታል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ «መሆን» ለቴአትሩ ይስማማል፣ «መኖር» ለንግግሩ። አንዱን ብቻ ምረጥ ካልከኝ «መኖር» እላለሁ፤ «ምን መሆን?» የሚለው ክር ከመክፈቻው ላይ እንደሚላላ እያወቅሁ። ይህ የጸጋዬን ውለታ አይቀንስም። ሼክስፒር በአማርኛ መድረክ ላይ ቆሞ መናገር እንደሚችል ያሳየን እሱ ባይሆን ስለ አንድ ግስ የምንከራከርበት ምክንያትም ባልኖረ።

«ሐምሌት»ን ወደ ኦሮምኛ ለማዞር የሚነሳ ሰውም ከ«ታኡ» እና ከ«ጅራቹ» አንዱን መምረጡ አይቀርም። ምክሬ አጭር ነው፦ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈቱ በፊት የስልኩን የድሮ መልእክቶች ይይ። እኔ ያኔ ለአንድ ጓደኛዬ «ጅርታ?» ብዬ ልኬ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ የፈለግኩት ግስ አንድ ብቻ ነበር።