ሥጋ ወይስ አትክልት? ክርክሩ ከጉንደ ወይን ሲታይ

ክብደት ለመቀነስ፣ ወይም ስኳርና የደም ግፊትን ለመቆጣጠር ወደ ጤና ተቋም ለሚመጣ ሰው በአብዛኛው የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር አጭር ነው፤ «ሥጋ ቀንስ፣ አትክልት አብዛ» የሚል። በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን ይህ ምክር ከመነገሩ በፊት ግን መካሪው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ይህ ሰው በዓመት ስንት ቀን ሥጋ ይበላል?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት በጠቅላላው ወደ 250 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ ምእመናን በተለምዶ ከእነዚህ 180 ያህሉን ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልም ከማዕድ ይርቃሉ፤ የመጀመሪያው ምግብም እስከ ከሰዓት በኋላ ይዘገያል። ከፋሲካ ቀጥሎ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ላይ ላዩን ሲታይ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ንጽጽር ይመስላል። ነገር ግን የደጋው ገበሬ ፍስክ ከጾሙ የሚለየው በአመዛኙ በቅቤና በወተት ነው፤ ሥጋ የበዓልና የሠርግ ምግብ ሆኖ ይኖራል። ከዚህም በላይ በጾም የሚለወጠው የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የመመገቢያ ሰዓቱም ጭምር ነው። ስለዚህ ጾምንና ፍስክን አነጻጽሮ በሥጋና በአትክልት ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሌላ ነገር መዝኖ የሌላውን ውጤት ይናገራል።

ክርክሩ ራሱ የተጋጋለው ሥጋ የዕለት ምግብ በሆነበት አገር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ካርቦሃይድሬትን ነቅፎ ሥጋንና ቅባትን ሲያበረታታ፣ ዲን ኦርኒሽ ደግሞ ቅባቱ እጅግ ያነሰ የአትክልት ምግብን ሰበከ። ሁለቱም ብዙ ተከታይ አፈሩ። የኋላ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ለየትኛውም ወገን ሙሉ ድል አልሰጡም።

ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የስኳር ሕመም የሌለባቸው 20 ጎልማሶች አራት ሳምንት በሆስፒታል ተቀምጠው፣ ሁለቱን ሳምንት ከዕፀዋት የተዘጋጀና ቅባቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ የተዘጋጀና ካርቦሃይድሬቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። በአትክልቱ ጊዜ በቀን 689 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ፤ የሰውነታቸውም ስብ ቀነሰ። የአትክልት ወገኖች ይህችን ቁጥር ሳይጠቅሱ አያልፉም። የማይጠቅሱት፣ በሥጋውም ጊዜ ክብደት መቀነሱንና በሁለተኛው ሳምንት የሚበላው መጠን ከመጀመሪያው ማነሱን ነው። አሥራ አራት ቀን ደግሞ አንድ ዐቢይ ጾም እንኳ አይሞላም።

ረዘም ያለ ጊዜ የወሰደው የክሪስቶፈር ጋርድነር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሲሆን፣ 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። ጥናቱ ሥጋን ከአትክልት ጋር በቀጥታ ባያፎካክርም፣ ሁለቱም ወገኖች የተሰጣቸው የጋራ ምክር ልብ ሊባል ይገባል። ስኳርንና የተጣራ ዱቄትን ቀንሱ፣ አትክልት ብሉ ተብለው ነበር። ውጤቱን ያቀራረበው ይህ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለጉንደ ወይን ጠቃሚው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን በብዛት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሳቲጃ ጥናት «የዕፀዋት ምግብ» የሚለውን ስያሜ ለሁለት ከፍሎታል። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተጣራ እህል የሚያዘወትሩት የልብ ደም ሥር ሕመም ሥጋታቸው ሲቀንስ፣ ነጭ ዱቄትና ጣፋጭ የሚያበዙት ግን ሥጋ ባይበሉም ሥጋታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። በገጠር ያለው የጾም ማዕድ የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ተልባና ኑግ ነው። በከተማ ያለው ግን እየተለወጠ መጥቷል፤ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ በለስላሳ መጠጥ የሚወራረድ። ሁሉም የጾም ነው። የሚጠበስበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልክ እንደ ቅቤ የሚረጋ የቅባት ዓይነት ሲሆን፣ የኑግ ዘይት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የየትኛውም ይሁን፣ 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል። እየጾመ የሚወፍር ነጋዴ «ሥጋ ቀንስ» ሲባል የማይበላውን እንዲተው ተነግሮት ይመለሳል።

(ዕፀዋት ሁሉ ጤና ነው ለሚል ሰው ጓያን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በደምቢያና በፎገራ በወረርሽኝ መልክ የታየው የእግር ሽባነት የመጣው ከጥራጥሬ ነው። በአንጻሩ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ኮሶ ሕዝቡ ከሐኪም ቀድሞ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም በዛፉ ስም ይጠራዋል።)

የተሳሳተው ምክር ከፍ ያለ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ከነጋዴው ይልቅ ሚስቱን፣ ከሁለቱም ይልቅ የገጠሯን እናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያት ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጫጮች፣ 8 በመቶው ብቻ ወፍራሞች ነበሩ። ደም ማነስ ያለባቸው 24 በመቶ ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች ሥጋ፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ በቀላሉ የሚመጠጥ ብረት ነው፤ አብሮት የተበላውን የእህል ብረትም ለመምጠጥ ይረዳል። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው እየተባለ ቢወደስም፣ በመለኪያ ከሚታየው ብረት ከፊሉ በውድማ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናም የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከዕፀዋት አይገኝም።

በዚህ ላይ ሜትፎርሚን ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቢ12ን መመጠጥ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ዓመታት ሙሉ ሜትፎርሚን የወሰደ፣ ጾሙን የሚያጠብቅ፣ በፍስክም ሥጋ እምብዛም የማያገኝ ሕመምተኛ እግሩ ቢደነዝዝ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «የስኳር የነርቭ ጉዳት» ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቢ12 እጥረትም ተመሳሳይ መደንዘዝ ያመጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም የሚታከም ነው። የቢ12 መጠንን መለካት በማይቻልበት ተቋም አመጋገቡን ጠንቅቆ መጠየቅና ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት ከምንም ይሻላል።

ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ጾመኛ ደግሞ ዋነኛ አደጋው ከሰዓቱ ይመጣል። መድኃኒቱን በማለዳ ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው የደም ስኳሩ በመንገድ ላይ ሊወርድበት ይችላል። ለሕሙማን ከጾም የሚሰጠው ፈቃድ በንስሐ አባት እጅ ነው፤ ብዙዎች ግን ሕመማቸውን ለካህኑ፣ ጾማቸውንም ለሐኪሙ አይናገሩም። የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት፣ ከተቻለም ሕመምተኛው የንስሐ አባቱን አነጋግሮ እንዲመለስ ተደርጎ ቢወሰን፣ ክርክሩ ያልደረሰበትን ሥራ ይሠራል።