የቅኔ ቤትና የሥዕል ቤት፤ ስለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አመራረጥ የቀረበ ሒስ

ለሥዕል ያዘነበለ ወጣት የትኛውን ትምህርት ቤት ይምረጥ የሚለው ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሲነሣ የጉባኤ ርእስ ብቻ ይመስላል፤ በዳንግላ ሲነሣ ግን የአንድ ቤተ ሰብ ተስፋ የሚመዘንበት ጉዳይ ነው። ባለፈው ክረምት ይህ ጸሓፊ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ዳንግላ ለዕረፍት በሄደ ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ልጃቸውን አስከትለው መጡና ሁለት ደብተር አቀረቡለት። «መምህር፥ ይህ ልጅ ከሥዕል በቀር ሌላ አልማርም ብሎኛል። እርስዎ አገር አይተው፥ ተምረው መጥተዋልና የት እንደምሰደው ይንገሩኝ» አሉት። ያን ቀን የተሰጣቸው መልስ «አዲስ አበባ ይሂድ» የሚል አጭርና ያልበሰለ ቃል ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለማረም የተጻፈ ነው።

በደብተሮቹ ውስጥ የነበረው አብዛኛው የፈረስ ሥዕል ነው። በአዊ አገር ይህ አያስደንቅም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ላይ የአገሬው ልጅ ፈረስ ማየት ይማራል። ነገር ግን የወጣቱ ፈረሶች የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፈረሶች አልነበሩም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ እንደ ልማድ በጎኑ ይታያል፤ የዚህ ልጅ ፈረስ ግን ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ይመጣል፤ ግንባሩ ይሰፋል፥ ኋላው ያጥራል፤ የግላሱ ጥልፍና የልጓሙ ጌጥ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ሲሣል የጋላቢው ፊት ባዶ ቀርቷል። አካልን ወደ ኋላ ማሳጠርን ማንም አላስተማረውም፤ በዐይኑ ያገኘው ነው። እጁ ግን ዐይኑን አልተከተለም፤ የፈረሶቹ እግር መሬት አይረግጥም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ይህን ዐይን ሳያጠፋ ይህን እጅ የሚያቀና ትምህርት ቤት የትኛው ነው?

በአገራችን ስለ ሥዕል የሚጻፈውና የሚነገረው ሒስ ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉት። አንደኛው ወገን «እውነተኛ ጥበብ የሚገኘው በአውሮፓና በአሜሪካ ነው፤ የቻለ ባሕር ይሻገር» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ባሕር የተሻገረ ሁሉ ባዕድ ሆኖ ይመለሳል፤ ልጁ ከባህላዊው ሠዓሊ እግር ሥር ይቀመጥ» ይላል። ሁለቱ ተቃራኒዎች ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የእኛ ትምህርት መቅዳት ነው፥ አዲስ ነገር መፍጠር ግን የውጭ አገር ሀብት ነው የሚል እምነት ነው። አንዱ በዚህ ያፍራል፥ ሌላው በዚህ ይኰራል። ይህ ጸሓፊ መነሻውን ራሱን አይቀበለውም።

በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን የሥዕል ቤት እንመልከት። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺዝማን ከዚሁ ከተማ እየተነሡ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ዞረው አይተው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የዳንግላው ወጣት ግን አንድም ጊዜ እንዳላያቸው ነግሮኛል። ሥዕል ሊማር የሚሻ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ከመፈለጉ በፊት ይህን መንገድ ሊሄድ ይገባዋል። በዚያ የሚያየው ሥርዓት ያለው ትምህርት ነው። ሠዓሊው በጨርቅ ላይ ይሥላል፤ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ደቀ መዝሙሩ ቀለም እየፈጨ፥ መምህሩ የነደፈውን እየሞላ ይማራል። ጻድቅ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ኃጥእ በአንድ ዐይን በጎኑ ይሣላል። ይህ ሕግ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን ሥዕሉን እንዲያነብ አስችሏል። ስለዚህ በሥዕል ቤት የመምህርን ሥራ መቅዳት ስንፍና አይባልም፤ የዚያን ቋንቋ ፊደል መቍጠር ነው።

ነገር ግን ያቺው ቤተ ክርስቲያን ሌላም ትምህርት ቤት አላት፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። ለጎጃም ሰው ስለ ቅኔ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ቢሆንም፥ ለጉዳያችን የሚጠቅመውን ያህል እናንሣ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ የሚጠይቀው የመምህሩን ስም ነው፤ የደብሩን ሕንፃ ውበት የሚጠይቅ የለም። ጎንጅና ዋሸራ የተጠሩት የየቤታቸው የቅኔ መንገድ ስለሚለይ ነው፤ ተማሪውም የአንዱን ቤት መንገድ ጠግቦ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ብቻውን ሆኖ ይቈጥራል፥ ቀርቦ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም የተሰበረውን ያቃናል። ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያመጣው ግን የጓደኞቹ መሳቂያ ይሆናል፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበትና።

እንግዲህ አዲስነትን ግዴታ ያደረገ ትምህርት ቤት ከደጃችን ነበረ። ጉድለቱ ይህ ግዴታ ለቃል ተሰጥቶ ለሥዕል አለመሰጠቱ ነው። ይህ ማለት የሥዕል ቤት ፈጽሞ አልተለወጠም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን የጎንደር ሥዕል ከሁለተኛው የሚለይ ዐይን ለውጡን ያያል። ነገር ግን በሥዕል ቤት ለውጥ በትውልድ ይመጣል እንጂ ከእያንዳንዱ ተማሪ አይጠየቅም። ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያመጣው ታላቅ ነገር በእኛ አስተያየት የዘይት ቀለም ወይም የሸራ አወጣጠር አይደለም፤ የቅኔን ሕግ በሥዕል ላይ ማዋሉ ነው። ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሁሉ በዚህ ሚዛን ሊመዝን ይገባል።

ሚዛኑ የሚሠራ መሆኑን በሥራዎች እንፈትነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ የፍቼው ተወላጅ አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። አቶ አለ ራሳቸው የመልክ ሥዕልን በእውነተኛ አሣሣል የሚሠሩ ሰው ሲሆኑ፥ ከእርሳቸው መንገድ እጅግ የራቁ መምህራን በዚያ ቤት አስተምረዋል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፥ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥተው ገብተዋል፤ ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያም የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተምረዋል። ብዙ መንገድ በአንድ ጣራ ሥር መገኘቱ ጎንጅንና ዋሸራን ሳይጓዙ በአንድ ስፍራ እንደ ማግኘት ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልደው ያደጉት የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ከነበሩ አባት ዘንድ ነው። ከጀርመን ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራቸውን ባሳዩ ጊዜ ብዙ ተመልካች «ይህ የአውሮፓ ነው» አለ፤ ከ2 ዓመት በኋላ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕላቸውን ለመመርመር የወደደ ቀዩን ቀለም ይመልከት። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ተለይቶ ይጠበቃል፤ በ«ጎልጎታ» ግን ቀዩ ከስሙ ወጥቶ ሥዕሉን ሞልቶታል። ጸሓፊው እንደሚያነበው ኮሎኝ ለሠዓሊው የሰጠችው ድፍረቱን ነው፤ የቀዩን ክብር ያወቁት ግን ከአባታቸው ቤት ነው። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር ሰሙን ከጀርመን፥ ወርቁን ከሐረር አመጡ።

እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ተልከው በስም የታወቁ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ በዚያ ግን አልረጉም፤ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግረው 9 ዓመት ያህል ቈዩ። በፓሪስ ያስተማራቸው አንድ አዳራሽ ብቻ አልነበረም፤ ቤተ መዘክሩና ከአፍሪካና ከካሪብ የመጡ ባልንጀሮች ጭምር ናቸው። የአገራችንን የክታብ ጠልሰም፥ ዐይን የበዛበትን ያን ሥዕል፥ እንደ ሥነ ጥበብ ያዩት ከዚያ ሆነው ነው። ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን ወደዚያው ምንጭ መለሱ።

«ውጭ ያልወጣ ሠዓሊ አይሆንም» ለሚለው ወገን መልሱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተምረው በ1968 ተመረቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ታላቁን ሽልማት ተቀበሉ። ብዙ ሥራቸው የተሣለው በተሰነጠቀ ቀርቀሃ ላይ ነው፤ ቀጫጭኑ ሥንጣሪ ጎን ለጎን ሲሰደር የሸማኔ ዕቃንም የክታብ ጥቅልንም ያስታውሳል። የአዊ ሰው እዚህ ላይ ሊቆም ይገባዋል። በእንጅባራና በባንጃ ዙሪያ የሚበቅለው የደጋ ቀርቀሃ አጥር፥ ወንበርና አልጋ ይሆናል፤ ዳንግላ ላይ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ ለሥዕል ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን ከእኛ ከተማ አላየሁም። ሆኖም «አገር ቤት የተማሩ» የምንላቸው ዘሪሁን የቺካጎ፥ የኮሎኝና የፓሪስ ተማሪዎች ተማሪ መሆናቸውን አንርሳ። የአገር ቤትና የውጭ የሚለው ክፍፍል በመሪጌታ እጅ እንደ ተበጠሰ ቅኔ ነው፤ ቤት አይመታም።

ይህ ጸሓፊ ስለ አመራረጥ ሲናገር ከራሱ ስሕተት ጭምር ይናገራል። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የመረጠው የከተማውን ስም ነበር። ከደረሰ በኋላ ሊማርባቸው ያሰባቸው መምህር ማስተማር ካቆሙ መቈየታቸውን ሰማ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥራውን ቀረብ ብሎ ያቃናለት ሰው ሳያገኝ አለፈ። ዲግሪውን ይዞ ተመልሷል፤ ነገር ግን የዋሸራ ተማሪ በእግሩ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ እርሱ በአውሮፕላን ከተሻገረ በኋላ ጠየቀ።

የአዛውንቱ ሌላ ጥያቄ የእንጀራ ነበር፤ «ምን ይበላል?» ብለዋል። ይህን ጥያቄ የሚንቅ የሒስ ጸሓፊ ረኀብን የማያውቅ ነው። በአገራችን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እውነቱን ለመናገር ከላይ የጠቀስናቸው አራቱም ሠዓልያን አስተምረዋል፤ እስክንድርም ከ1972 ጀምሮ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ዝና እንኳ ሁሉን አይሸፍንም፤ ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በስደት ዐርፈዋል፤ እስክንድርም በ2003 እዚያው ዐርፈዋል። ስለዚህ ወጣቱ ሥዕልን ሲማር ማስተማርን፥ ኅትመትን ወይም የዕቃ ንድፍን አብሮ ሊማር ይገባዋል፤ አባቱም ይህን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ወጣትና ቤተ ሰቡ የሚከተሉትን ቢጠይቁ መልካም ነው። አንደኛ፥ መምህሩ ራሱ ዛሬ ይሠራልን? ሥራውንስ ማየት ይቻላልን? ሁለተኛ፥ የተማሪዎቹ ሥራ በአንድነት ተሰቅሎ ሲታይ የአንድ ሰው እጅ ይመስላልን? በሥዕል ቤት ይህ የሥርዓት ምልክት ነው፤ ራሱን ዘመናዊ በሚል ትምህርት ቤት ግን መምህሩ የትናንቱን ቅኔ እያስደገመ መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛ፥ ተማሪው ይዞት የመጣውን ያያሉን ወይስ ሳያዩ ይሠርዛሉን? ፈረሱን ከፊት የሣለን ልጅ እግሩን ሲያቃኑ ግንባሩን እንዳያጠፉ። አራተኛ፥ ተመራቂዎቹ በምን ይተዳደራሉ? የከተማው ስምና የሕንፃው ከፍታ ከእነዚህ አራት በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለአዛውንቱ የተላከው ሁለተኛ መልስ እንዲህ የሚል ነው። ልጁ በመጀመሪያ ዘጌ ይሂድ፤ ግድግዳዎቹን ይይ፤ የሚሠራ ሠዓሊ ካገኘም አንድ በጋ ቀለም ይፍጭለት፥ እጁ እስኪረጋ ይቅዳ። ከዚያ ያንኑ ፈረስ እንደ ገና ፊት ለፊት ይሣለው፤ የጋላቢውንም ፊት ባዶ አይተወው። ይህን ደብተር ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ የተመራቂዎቹን ትርኢት ሳያይ፥ መምህራኑንም ሳያውቅ አይመዝገብ። ቢቀበሉት መልካም ነው፤ ባይቀበሉትም ቀርቀሃው በደጁ አለና እየሠራ በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ። አባቱ ይህን ሰምተው «የቆሎ ተማሪ መንገድ ነው የነገሩን» ሲሉ መለሱ። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት ከእርሳቸው የተሻለ የገለጸው የለም።