«በሕክምና ክትትል ላይ ይገኛል»፦ የካንሰር ሕመምተኛ፣ የጤና ጉድለት አበልና የሐኪሙ ማስረጃ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ካንሰር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንወያየው ስለ ምርመራ መዘግየት፣ ስለ መድኃኒት አቅርቦትና ስለ ጨረር ሕክምና ወረፋ ነው። ሕመምተኛው ሥራ ሲያቆም በምን እንደሚተዳደር የሚወስኑት ግን ሌሎች ሁለት ሰነዶች ናቸው፤ አንደኛው የጡረታ ሕጉ፣ ሁለተኛው ሐኪሙ የሚጽፈው የአንድ ገጽ ማስረጃ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በሂሳዊ ዓይን መመርመር ነው። ሕጉን የሚያወጣው ሌላ አካል ቢሆንም ማስረጃውን የምንጽፈው የጤና ባለሙያዎች በመሆናችን፣ ትችቱ በሕጉ ላይ ብቻ ሊያርፍ አይገባም።

ሕጉ የሚሰጠውና የሚነፍገው

በ2003 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 እና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715፣ በተለይ ሁለተኛው፣ በማኅበራዊ ዋስትና ታሪካችን ትልቅ እርምጃ ነበሩ። ከዚያ በፊት በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የመንግሥት ጡረታ ዋስትና አልነበረውም። አዋጆቹ በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1267 እና 1268 ቢተኩም መሠረታዊው አወቃቀር አልተለወጠም። በዚህ አወቃቀር ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ፣ ሥራውን ለመቀጠል የሚያስችል የጤና ሁኔታ ባለማሟላቱ ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ ተሰጥቶት ይሰናበታል።

በ2003ቱ አዋጆች ስሌት አበሉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ስለዚህ አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነና 16 ዓመት ያገለገለ ሰው 37.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,000 ብር ያገኛል። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራይና የመድኃኒት ወጪን አይሸፍንም፤ ሆኖም በየወሩ የሚገባ ቋሚ ገቢ ነው።

በሥራ ላይ ጉዳት ምክንያት የመሥራት ችሎታውን ላጣ ሠራተኛ ግን ሕጉ የአገልግሎት ዘመን ሳይጠይቅ ከጉዳቱ በፊት ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ 47 በመቶ ይሰጣል። ከመሰላል የወደቀና በጡት ካንሰር የታመመች ሠራተኛ ለሥራ ያላቸው አቅም እኩል ቢቀንስም መብታቸው እኩል አይደለም። ልዩነቱ በአንድ በኩል አሠሪው ለሥራ ቦታ ደኅንነት ካለበት ኃላፊነት የመነጨ በመሆኑ ምክንያታዊ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ካንሰሮች ከአስቤስቶስ፣ ከቤንዚን ኬሚካልና ከጨረር መጋለጥ ጋር እንደሚያያዙ እያወቅን፣ የሕመምተኛውን የሥራ ታሪክ በካርድ ላይ የመመዝገብ ልማዳችን ደካማ ነው። ባልተጻፈ ታሪክ የሥራ በሽታ ሊረጋገጥ አይችልም።

የሕጉ ሰዓትና የበሽታው ሰዓት

ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ገርጂ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚበዛበት ሠፈር ነው። ሱቁ፣ ጋራዡ፣ የግል ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ተደባልቀው ይታያሉ፤ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለውና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሆስፒታልም በዚሁ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል በዚህ ሠፈር በአንድ የግል ድርጅት ለ7 ዓመት በሒሳብ ሥራ ያገለገለች የ38 ዓመት ሴት እንበል። በጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት በናሙና ምርመራ ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወራት ውስጥ የሚፈቅድላት የሕመም ፈቃድ ቢበዛ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በሌላ በኩል የተለመደው ኬሞቴራፒ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ 4 ዙር፣ ፓክሊታክሰል 4 ዙር፣ በየ21 ቀኑ ሲሰጥ 24 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ነጭ የደም ሕዋሷ ዝቅ ብሎ አንድ ዙር ከተላለፈ ጊዜው ይረዝማል። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ከዚህ ውጭ ናቸው። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማእከል እንደነበረና ወረፋውም በወራት ይቆጠር እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ የሕጉ ስድስት ወር የሚያልቀው ኬሞቴራፒው በሚያልቅበት ሰሞን ነው። ሕክምናው ገና ባለመጠናቀቁ ዘላቂ የጤና ጉድለት አለባት ማለት አይቻልም፤ ለሥራ ብቁ ናት ማለትም አይቻልም። ደመወዝ የሌላት ከአራተኛው ወር ጀምሮ ሲሆን፣ አገልግሎቷ 7 ዓመት በመሆኑ ከሥራ ብትሰናበትም የምታገኘው ዳረጎት ብቻ ነው። ዋናው ክፍተት ይህ ነው፦ ሕጉ ጤነኛን፣ አጭር ሕመምተኛንና ለዘለዓለም የማይሠራን ያውቃል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ታክሞ ወደ ሥራ ሊመለስ የሚችለውን ግን አያውቅም። የካንሰር ሕክምና እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር የሚበዙት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

የሌሎች አገሮች ልምድ መፍትሔው ሩቅ እንዳልሆነ ያሳያል። ደቡብ አፍሪካ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ለሚቆይ የአካል ጉዳት ጊዜያዊ ድጎማ ትሰጣለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረችው አሠራር በርካታ የካንሰር ዓይነቶችን ለይታ ማመልከቻቸው በፍጥነት እንዲወሰን አድርጋለች። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ደግሞ 5 ዓመት መዋጮ ለከፈለ ሰው የተቀነሰ የጤና ጉድለት አበል እንዲሰጥ ያስቀምጣል። በዚህ መለኪያ የገርጂዋ የሒሳብ ሠራተኛ ባዶ እጇን አትቀርም ነበር።

የማስረጃው ቋንቋ

ሕጉ ይሻሻል ማለት ተገቢ ነው፤ የኛ ድርሻ ግን ዛሬውኑ ሊስተካከል ይችላል። በብዙ የጤና ተቋማት የሚጻፈው ማስረጃ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና «ሕመምተኛዋ በሕክምና ክትትል ላይ ትገኛለች» ወይም «ቀላል ሥራ ቢሰጣት» ብሎ ያበቃል። ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም አያስረዳም። ክትትል ላይ ያለ ሰው ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ቀላል ሥራ የተባለው ለጥበቃ ሠራተኛና ለጽሕፈት ሠራተኛ አንድ አይደለም። የሕክምና ቦርዱ ግልጽ ያልሆነ ወረቀት ሲቀርብለት ሕመምተኛዋን መልሶ ይልካታል፤ ከገርጂ መሀል ከተማ የሚያመላልሳት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ በሕመም ፈቃዷ ላይ ይቆጠራል።

ሌላው ጉድለት የበሽታውን ስም ጽፎ የአቅሙን ሁኔታ መተው ነው። የካንሰር ደረጃ ብቻውን የመሥራት ችሎታን አይለካም። ከፓክሊታክሰል በኋላ ጣቶቿ የደነዘዙባት ሴት ካንሰሯ ባይኖርም በኮምፒዩተር መጻፍ ይቸግራታል፤ በብብቷ የሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ወጥተውላት ክንዷ ያበጠ ሴትም ዕቃ ማንሣት አትችልም። ከ0 እስከ 4 የሚቆጥረው የኢኮግ ሚዛን በየካርዳችን ይገኛል፤ በማስረጃው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሚስጥር ነው። ቤተሰብ «እንዳይነገራት» ብሎ የሚለምንበት ልማድ አሁንም አለ። ነገር ግን አበል ለመጠየቅ ማስረጃውን ይዛ የምትዞረው ራሷ ናት። ከሐኪሟ ያልሰማችውን የበሽታዋን ስም በመሥሪያ ቤቷ የሰው ኃይል ቢሮ እንድታነብ ማድረግ ከባድ በደል ነው። በመሆኑም ለአሠሪው የሚሄደው ወረቀት የአቅም ገደብንና የጊዜ ግምትን ብቻ ቢይዝ፣ የበሽታው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ለቦርዱ ቢላክ ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ግን ሕመምተኛዋ እውነቱን ከሐኪሟ አፍ ልትሰማ ይገባል።

የቦርዱ ጥብቅነት ያለ ምክንያት እንዳልሆነም መገንዘብ ያስፈልጋል። ፈንዱ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እየተዋጣ የተጠራቀመ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በይሉኝታና በዝምድና የሚጻፍ ማስረጃም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ሐሰተኛውን ለመከላከል የሚያስፈልገው ግልጽና ሊመረመር የሚችል ማስረጃ እንጂ የሕመምተኛ መጉላላት አይደለም።

ከጡረታ ጥላ ውጭ ያሉት

በገርጂ ጎዳና ዳር ቡና የምታፈላው፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ በተግባር የጡረታ መዋጮ የላቸውም። ለእነርሱ የቀረበው በር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ሲሆን፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን የቀጥታ ድጋፍ ክፍል አለው። ምርጫው በድህነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ትናንት ሠርታ ታድር የነበረች ሴት ዛሬ ብትታመም ከዝርዝሩ ውጭ ልትሆን ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የወረዳው ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲህ ያለችውን ሰው ለመራጩ ኮሚቴ ቢያሳውቁ ትርጉም ያለው ሥራ ይሆናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ የሚያዘውም ለደመወዝተኛው ብቻ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ይጠቆማሉ። አንደኛ፣ ከሕመም ፈቃድ ማብቂያ እስከ ዘላቂ ውሳኔ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ጊዜያዊ የጤና ጉድለት አበል በሕግ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ የ10 ዓመቱ ገደብ ለጽኑ ሕሙማን ዝቅ ይበል፤ ቢያንስ 5 ዓመት ለሞላው የተቀነሰ አበል ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የሕክምና ማኅበራችን ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ሆኖ አንድ ወጥ የማስረጃ ቅጽ ያዘጋጅ፤ ቅጹም የሥራውን ዓይነት፣ ሕመምተኛው የማይችለውን ተግባር፣ የአቅም ሚዛኑን፣ የሕክምናውን ቀሪ ጊዜና ዳግም የሚገመገምበትን ቀን ይጠይቅ። አራተኛ፣ የሕክምና ተማሪዎች ማስረጃ አጻጻፍን እንደ መድኃኒት ማዘዣ በትምህርት ይቅሰሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሕግ አውጪውን ውሳኔ ይጠብቃሉ። ሦስተኛው በማኅበራችን እጅ የተጀመረ እንቅስቃሴ ያሻዋል። ቅጹ እስኪዘጋጅ ድረስም «በሕክምና ክትትል ላይ ትገኛለች» ከሚለው ቀጥሎ «በዚህ ምክንያት እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ሥራ መሥራት አትችልም» የሚል አንድ መስመር መጨመር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።