ጠጠርና መንደርደሪያ

መዘዞ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ ከመንገዱ በላይም በታችም እርከን ነው። አባቴ ካብ ሲክብ ረጅሙን ድንጋይ ወደ ውስጥ አግብቶ ያጋድመዋል፤ ፊቱን ወደ ዳገቱ ጥቂት ያዘነብለዋል፤ ክፍተቱን በጠጠር ይወትፋል። ጎርፉን ግን ለካቡ ብቻ አይተወውም። ከላይ ቦይ ቀዶ ያዞረዋል፤ ካቡ ጋ የሚደርሰው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የቆሙ የጦር አውሮፕላኖችን ከተሽከርካሪ የሚከልል አጥር ስነድፍ እኔም የምጀምረው ከቦዩ ነው። 6,800 ኪሎ የሚመዝን የጭነት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲገጭ፣ በ40 ከሚገጨው አራት እጥፍ ጉልበት አለው። ስለዚህ ግንቡን ከማወፈሬ በፊት መንደርደሪያውን እነሳዋለሁ፤ መግቢያውን አጣምማለሁ፣ ከአጥሩ ውጭ ቦይ እቆፍራለሁ፣ አፈሩን ወደ ውስጥ እከምራለሁ። በሐምሌ 1934 ዓ.ም. በግብፅ በረሃ፣ ሲዲ ሐኒሽ ላይ፣ የእንግሊዝ ኮማንዶዎች በ18 ጂፖች አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ገብተው በቆሙት የጀርመን አውሮፕላኖች መካከል እየተኮሱ ነድተዋል። ለጂፕ ከደልዳላ የአውሮፕላን ሜዳ የሚመች መንገድ የት ይገኛል! በግንቦት 1976 ዓ.ም. አሥመራ ላይ አውሮፕላኖችን ያወደሙት የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ኮማንዶዎች ግን በሌሊት ሰርገው የገቡ ናቸው። መኪና የሚያቆም ግንብ ሰው አያቆምም፤ ያ የዘብና የመብራት ሥራ ነው።

የአባቴን ካብ እንዳለ ወደ ሜዳው ልወስደው አልችልም። ካቡን አጥብቆ የሚይዘው ያ ጠጠር፣ አውሮፕላን አጠገብ ሲፈታ ሞተር ይስበዋል፤ አንዲት ፍሬ የሞተሩን ምላጭ ትሰብራለች። በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ጋቢዮን ቦታው ከዳር፣ ከሜዳው ርቆ ነው። መቆሚያው አጠገብ አርማታ ብቻ፣ እሱም ክንፍ እንዳይነካ ዝቅ ብሎ።

አንድ ጥፋቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። በአንድ ግቢ መግቢያውን ሳጣምም ጥምዝምዙን የለካሁት በፒክአፕ ነበር። በልምምድ ቀን የእሳት አደጋ መኪናው መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ከውስጥ የሚነድ አውሮፕላን ቢኖር ኖሮ አጥሬ ከጠላት ጋር ባበረ ነበር።

አሁን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት የእሳት አደጋ መኪናውንና የነዳጅ ቦቴውን ሾፌሮች ባዶ ሜዳ ላይ እጠራቸዋለሁ። ሙሉ ጭነው ይዞራሉ፤ እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ የጎማቸውን ዱካ በኖራ አሰምራለሁ። ካቡ የሚቆመው ከኖራው ውጭ ነው።